የማይታየው ሥራ በስንት ይሸጣል? የተከላካይ አማካይ ሙያ ከጅማ ሲታይ

ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የባሎን ዶር ሽልማት ለስፔናዊው የተከላካይ አማካይ ሮድሪ ሲሰጥ፣ ሪያል ማድሪድ ሽልማቱ ለአጥቂው ቪኒሲየስ ጁኒየር ይገባ ነበር በሚል ቅሬታ ልዑካኑን ከሥነ ሥርዓቱ አስቀረ። ሙግቱ ግን በማድሪድና በፓሪስ መካከል አልቀረም። ጅማ ውስጥም ኳስ በሚታይባቸው ቤቶችና በፈረንጅ አራዳ የቡና ጠረጴዛዎች ዙሪያ የሚነሳው ጥያቄ ያው ነው፦ ብዙ ግብ የማያገባ፣ ተከላካይ እያታለለ የማያልፍ ተጫዋች እንዴት የዓመቱ ምርጥ ይባላል? በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሌላው የተከላካይ አማካይ ሰርጂዮ ቡስኬትስ ጫማ ሊሰቅል መሆኑን ሲያስታውቅ ጥያቄው እንደገና አገረሸ። ቡስኬትስ ለባርሴሎና 722 ጨዋታ አድርጎ ያገባው ግብ 18 ብቻ ነው።

ጉዳዩ ለጅማ ሩቅ አይደለም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ሲያነሳ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። ስሙ ዛሬም ይነሳል። ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ መሃሉን ሲዘጋ የነበረው ማን እንደነበር ለሚጠይቅ ግን መልሱ እንዲህ በቀላሉ አይመጣም። ይህ የደጋፊ ውለታ ቢስነት አይደለም። ሥራው ራሱ ሲሳካ ዱካ አይተውም፤ ዱካ የሌለው ሥራ ደግሞ ዋጋ ሲተመንለት ይቸገራል። የተከላካይ አማካይን የሙያ ሕይወት ከመጀመሪያ ውሉ እስከ መጨረሻው የሚወስነው ይህ ነው።

ሥራው ምንድን ነው?

አሰልጣኞች ‘ስድስት ቁጥር’ የሚሉት የተከላካይ አማካይ ከኋላ መስመሩ ፊት፣ ከሌሎቹ አማካዮች ኋላ የሚቆም ተጫዋች ነው። ተቃራኒ ቡድን ኳስ ሲይዝ በተከላካዮችና በአማካዮች መካከል ያለውን ክፍተት ይጠብቃል። የራሱ ቡድን ሲይዝ ደግሞ ከመሃል ተከላካዮች ኳስ ተቀብሎ ወደፊት የሚያሻግር የመጀመሪያው ሰው ነው። ከሁለቱም የሚከብደው ግን በመካከላቸው ያለው ቅጽበት ነው። ባለሙያዎች ‘ትራንዚሽን’ ወይም ሽግግር የሚሉት፣ ኳስ ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ስታልፍ ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ነው። በእነዚያ ሰከንዶች ማንም በቦታው የለም፤ የመስመር ተከላካዮች ለማጥቃት ወጥተዋል፣ አጥቂዎች ግብ ክልል ውስጥ ናቸው። በቦታው መገኘት ያለበት አንድ ሰው ቢኖር ስድስት ቁጥሩ ነው።

አንድ ተራ ቅጽበት እንውሰድ። የቀኝ መስመር ተከላካይ ወደፊት ሮጧል። ስድስት ቁጥሩ ኳሱን አይከተልም፤ ተከላካዩ ትቶት ወደሄደው ባዶ ሥፍራ ሁለት ሦስት እርምጃ ይጠጋል። ከመሃል ተከላካዩ ኳስ ወደ እሱ መምጣት ስትጀምር አንገቱን ወደ ግራ ትከሻው፣ ወዲያው ወደ ቀኝ ያዞራል። ከኋላው ማን እንደቀረበው፣ ማን ነፃ እንደሆነ ያወቀው ኳሱ እግሩ ጋር ከመድረሱ በፊት ነው። ሰውነቱን ገርበብ አድርጎ ተቀብሎ በአንድ ንክኪ ያሻግራል። ተመልካች ያየው የአምስት ሜትር ቅብብል ነው፤ ቴሌቪዥኑም ያሳየው ያንኑ ነው።

እዚህ ላይ በሰፊው የተለመደ የተሳሳተ ግምት አለ። ብዙ ሰው ጥሩ የተከላካይ አማካይ ማለት እየተንሸራተተ ኳስ የሚያስጥል፣ ላቡን እያንጠፈጠፈ የሚጋጭ ተጫዋች ይመስለዋል። በዚህ ቦታ ለሊቨርፑል፣ ለሪያል ማድሪድና ለባየርን ሙኒክ የተጫወተው ዣቢ አሎንሶ በአንድ ወቅት ተንሸራትቶ ኳስ ማስጣል የመጨረሻ አማራጭ እንጂ እንደ ችሎታ ሊሞካሽ የሚገባው ነገር አይደለም የሚል ሐሳብ ሰጥቶ ነበር። ነገሩ ሲጤን ልክ ነው፤ መሬት ላይ የወደቀ አማካይ አስቀድሞ በቦታው አልነበረም ማለት ነው። በትክክል የቆመ ሰው ቅብብሉን ያቋርጣል፣ ወይም ተቃራኒው ያንን ቅብብል ከነጭራሹ እንዳይሞክር ያደርጋል። ያልተሞከረ ቅብብል ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

የዚህ ቦታ መጋለጥ ምን እንደሚያስከትል ኢትዮጵያውያን በደንብ የምናስታውሰው ጨዋታ አለ። ጥር 17 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ኢትዮጵያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ውጤቱ ሲነሳ የሚዘነጋው ነገር የቡርኪና ፋሶ ግብ ጠባቂ በሁለተኛው አጋማሽ በቀይ ካርድ መውጣቱ ነው። ያኔ ልዩነቱ አንድ ግብ ብቻ ነበር። ቀሪዎቹ ሦስት ግቦች የተቆጠሩት ተጋጣሚው በ10 ተጫዋች ሆኖ ነው። ቡድናችን አቻ ለመሆን ወደፊት ሲተም መሃሉ ተከፈተ፣ ኳስ በተነጠቀ ቁጥርም ወደ ግባችን የሚወስደው መንገድ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱን በአንድ ሰው ማላከክ አይቻልም፤ አሥር ሰው ወደፊት ሲሄድ ‘እኔ እቀራለሁ’ የሚል ሥርዓት ያልነበረው ቡድኑ በሙሉ ነው።

ሥራው የሚለካው ሲጎድል ነው

የጅማ ነዋሪ በየመንገዱ ዳር ያለውን የውሃ መውረጃ ቦይ የሚያስታውሰው ተደፍኖ ጎርፉ አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ነው። የዚህ ተጫዋች ነገርም እንዲያ ነው፤ ዋጋው የታወቀባቸው ታዋቂ አጋጣሚዎች ሁሉ የመቅረት ታሪኮች ናቸው። (ከዚህ በኋላ የውጭ ሊጎች ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ክሎድ ማኬሌሌ ነው። ኪንሻሳ ተወልዶ ፈረንሳይ ያደገው ማኬሌሌ በ2002 ከሪያል ማድሪድ ጋር የቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ አነሳ። በ2003 ክረምት የደመወዝ ጭማሪ ጠየቀ። ክለቡ ከለከለ፤ በዚያው ክረምት ዴቪድ ቤካም መጣ፣ ማኬሌሌ ወደ ቼልሲ ሄደ። የክለቡ ፕሬዝዳንት ፍሎረንቲኖ ፔሬዝ በወቅቱ የተጫዋቹን ችሎታ የሚያናንቅ አስተያየት መስጠታቸው እስካሁን ይነሳባቸዋል። ማድሪድ በተከታዮቹ ሦስት የውድድር ዘመናት ላሊጋንም ቻምፒየንስ ሊግንም አላገኘም። ቼልሲ በአንጻሩ በ2004–05 በ38 የሊግ ጨዋታ 15 ግብ ብቻ ተቆጥሮበት ሻምፒዮን ሆነ።

ሁለተኛው ንጎሎ ካንቴ ነው። በልጅነቱ ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ በትላልቅ ማሠልጠኛዎች የታለፈው፣ ከፈረንሳይ ዝቅተኛ ዲቪዚዮኖች ተነሥቶ ከካኤን ወደ ሌስተር የመጣው ካንቴ በ2015–16 ሌስተርን በ81 ነጥብ ሻምፒዮን ካደረጉት አንዱ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት እሱ ወደ ቼልሲ ሲሄድ ሌስተር በ44 ነጥብ 12ኛ ወጣ፤ ከዓመት በፊት በ50 ነጥብ 10ኛ የነበረው ቼልሲ ደግሞ በ93 ነጥብ ዋንጫ አነሳ።

ሦስተኛው ራሱ ሮድሪ ነው። ሽልማቱን በክራንች ተደግፎ ነው የተቀበለው፤ በመስከረም 2024 ከአርሰናል ጋር በተደረገው ጨዋታ የጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ነበር። አራት ተከታታይ የሊግ ዋንጫ ያነሳው ማንቸስተር ሲቲ በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ ካደረጋቸው 13 ጨዋታዎች ያሸነፈው አንዱን ብቻ ነው።

ሦስቱም ታሪኮች ደስ ይላሉ፤ ችግራቸውም ደስ ማለታቸው ነው። ተቺዎች የሚያነሱት ተቃውሞ ክብደት አለው። ሌስተር የወደቀበት ዓመት የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ የደረበበት፣ አሰልጣኙን ክላውዲዮ ራኒየሪን ያሰናበተበት ዓመት ነው። ቼልሲ በአውሮፓ ውድድር አልተሳተፈም፣ አንቶኒዮ ኮንቴን የመሰለ አዲስ አሰልጣኝም ይዟል። ማንቸስተር ሲቲም ከሮድሪ ሌላ ሌሎች ጉዳተኞችና ዕድሜያቸው የገፋ ተጫዋቾች ነበሩበት። እግር ኳስ ቤተ ሙከራ አይደለም፤ አንድ ሰው ብቻ ተነሥቶ ሌላው ሁሉ ባለበት የሚቆይበት ሁኔታ የለም። እንዲያም ሆኖ በሦስት የተለያዩ ክለቦችና ዘመናት ተመሳሳይ ነገር መታየቱ ተራ ግጥምጥሞሽ ነው ማለት ይከብዳል። ሚዛናዊው አነጋገር፣ አንድ የተከላካይ አማካይ ብቻውን ዋንጫ አያመጣም፤ ተክቶት የሚገባ ሰው ሳይዘጋጅ ሲሄድ ግን የሌሎቹ ድክመት ይገለጣል የሚለው ይመስለኛል።

ዋጋው ለምን ናረ?

ማኬሌሌ ጭማሪ ሲከለከል ከነበረው ዘመን ወዲህ ገበያው ተገልብጧል። በ2023 ክረምት አርሰናል ለዴክላን ራይስ ከነተጨማሪ ክፍያው 105 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ቼልሲ ለሞይሰስ ካይሴዶ 115 ሚሊዮን ፓውንድ ለመክፈል ተስማሙ። ሁለቱም ተቀዳሚ ሥራቸው ግብ ማግባት አይደለም።

ምክንያቱ በከፊል ታክቲክ ነው። ‘ፕሬሲንግ’ ማለትም ተቃራኒ ቡድን ገና ከግብ ጠባቂው ኳስ ሲጀምር ጫና ማሳደር የተለመደ ሲሆን፣ ጀርባውን ለጫና ሰጥቶ ኳስ ተቀብሎ መውጣት የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ቀድሞ ይህ ሥራ በሁለት ሰው ይከፈል ነበር፤ አንዱ ይነጥቃል፣ ሌላው ያቀብላል። አንድሬያ ፒርሎ በጣሊያን ‘ሬጂስታ’ ተብሎ ከኋላ ሆኖ ጨዋታ ሲመራ ከፊቱ የሚሮጡለት እንደ ጀናሮ ጋቱሶ ያሉ ሰዎች ነበሩ። የዛሬ ክለቦች ሁለቱንም በአንድ ሰው ውስጥ ይፈልጋሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ጥቂት ነው።

ሌላው ምክንያት ዓይኑ መቀየሩ ነው። ትላልቅ ክለቦች ሁሉንም 22 ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ቪዲዮና የእያንዳንዱን እንቅስቃሴ የሚመዘግብ መረጃ ይገዛሉ። ስንት ቅብብል አቋረጠ፣ በጫና ውስጥ ስንት ኳስ ሳይነጠቅ አሻገረ፣ ቡድኑ ኳስ ሲነጠቅ የት ቆሞ ነበር የሚሉት በቁጥር ይቀርባሉ። ቁጥሩ ሁሉን አያሳይም። ኳስ በብዛት የሚያስጥል ተጫዋች ቡድኑ ዘወትር የሚጠቃ ስለሆነ ብቻ ቁጥሩ ሊያብጥ ይችላል። ቢሆንም በድርድር ጠረጴዛ ላይ ለወኪሉ የሚያነሳው ነገር ሰጥቶታል። ዋጋው የናረው ሥራው ስለተለወጠ ብቻ ሳይሆን፣ ገዢው ሥራውን ማየት ስለቻለ ጭምር ነው።

የሙያው ዕድሜ

በዚህ ቦታ የተወለደ የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛው በልጅነቱ የማጥቃት አማካይ ወይም የመሃል ተከላካይ ሆኖ ጀምሮ አሰልጣኝ ነው የሚያመጣው። ፒርሎም ቢሆን ከአጥቂዎች ጀርባ ነበር የጀመረው። ስለዚህ ይህ ሙያ ከሌሎቹ ይልቅ በአሰልጣኝ እጅ ያለ ነው። አጥቂ የትም ሄዶ ግብ ቢያገባ ይታወቅለታል፤ የተከላካይ አማካይ የሚያየው አሰልጣኝ ሲሄድ አብሮ ሊወርድ ይችላል።

ለምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ቅርብ የሆነው ምሳሌ ኬንያዊው ቪክቶር ዋንያማ ነው። በ17 ዓመቱ ገደማ ቤልጂየም ገባ፣ በ2011 ወደ ስኮትላንዱ ሴልቲክ ተዛወረ፣ በ2012 ሴልቲክ ባርሴሎናን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ የመጀመሪያዋን ግብ በግንባሩ አስቆጠረ። በ2013 ሳውዝሃምፕተን ገዛው፤ በፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ የመጀመሪያው ኬንያዊም ሆነ። እዚያ ያሠለጠነው ማውሪሲዮ ፖቼቲኖ ወደ ቶተንሃም ከሄደ በኋላ በ2016 አስከትሎ ወሰደው፤ የመጀመሪያው የቶተንሃም ዓመትም ጥሩ ነበር። ቀጥሎ የጉልበት ጉዳት መጣ። ከዚያ ወዲህ ቋሚ ቦታውን መልሶ ሳያገኝ በ2020 ወደ ካናዳው ሞንትሪያል ተሻገረ። በ28 ዓመቱ ማለት ነው።

ጉዳቱ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። አማካዮች በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ፤ የስድስት ቁጥሩ ሩጫ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም፤ መቆም፣ መዞር፣ እንደገና መነሳት ይበዛበታል። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚጎዱትም በዚህ መዞር ነው። ሮድሪ ከመጎዳቱ ከቀናት በፊት በጨዋታ ብዛት የተነሳ ተጫዋቾች ሥራ ለማቆም ተቃርበዋል ብሎ መናገሩ ይታወሳል።

ካርድም አለ። መልሶ ማጥቃትን በጥፋት ማስቆም ከሥራው አንድ ክፍል ስለሆነ ቢጫ ካርድ ይከማቻል። የካርድ ሂሳብ ሲዘነጋ የሚያስከፍለውን በ2005 ዓ.ም. ዓይተናል፤ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት አማካይ ቦትስዋና ላይ በመሰለፉ ብሔራዊ ቡድናችን በሜዳ ያሸነፈውን የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታ ሦስት ነጥብ ፊፋ ነጠቀው። ስህተቱ የተጫዋቹ ሳይሆን የጽሕፈት ቤት ነበር።

በጎው ጎን ይህ ቦታ ከፍጥነት ይልቅ ልምድን ስለሚፈልግ ጤና ካለ ዕድሜ ይሰጣል። ቡስኬትስ እስከ 37 ዓመቱ ተጫውቷል። ኋላ ቀርቶ የመሃል ተከላካይ መሆንም ይቻላል፤ ሃቪየር ማስቼራኖ በባርሴሎና ያደረገው ይህንኑ ነው። ጫማ ከተሰቀለ በኋላም ጨዋታውን ከመሃል ሆኖ ሲያነብ የኖረ ሰው ወደ አሰልጣኝነት መሻገር ይቀልለዋል። ዲዲየ ዴሻም፣ ፔፕ ጋርዲዮላና ዣቢ አሎንሶ ሁሉም የተጫወቱት በዚሁ አካባቢ ነው።

ጅማ ላይ

አሁን ወደ ጅማ እንመለስ። በኮጪ ወይም በመንደራ አካባቢ ባለ ሜዳ ልጆች ቡድን ሲከፋፈሉ የሚያይ ሰው ምርጫው እንዴት እንደሚሄድ ያውቀዋል። ጎበዙ ፊት ይሄዳል፣ ረጅሙ ኋላ ይቀራል፣ አጭሩ ክንፍ ይሆናል፤ ‘አንተ መሃል ቁም’ የሚባለው የቀረው ልጅ ነው። በባርሴሎና ማሠልጠኛ ከሁሉ የተሻለ አንጎል ያለው ልጅ የሚቆምበት ቦታ በእኛ ሠፈር የተረፈው ይቆምበታል።

ሜዳውም የራሱን ይጨምራል። ጅማ ዝናብ ከማይለያቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ ከመጋቢት ገደማ እስከ መስከረም ድረስ ሜዳው ጭቃ ነው። ጭቃ ላይ የአምስት ሜትር ቅብብል መንገድ ላይ ይሞታል፤ ስለዚህ ልጁ ኳስ መትቶ ማራቅን፣ እየተንሸራተተ ማስጣልን ይማራል። ጭብጨባውም የሚመጣው ያኔ ነው። አቋቋምን፣ ሳይነኩ መከላከልን የሚያስተምር ሜዳ አይደለም። በዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ያለውን ደህና ሜዳ የሚረግጡት ደግሞ ጥቂቶች ናቸው።

ከተማዋ የሊጉን ደረጃ በቅርብ አይታለች። ጅማ አባ ቡና በ2009 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ ተጫውቶ ወረደ። በማግሥቱ ዓመት ‘ጅማ ከተማ’ ይባል የነበረው ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ተብሎ አደገ፣ በገብረመድህን ኃይሌ አሰልጣኝነትም ሻምፒዮን ሆነ። ያ ቡድን ዕድለኛ አጥቂ ብቻ የያዘ አልነበረም። በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ጅቡቲ ቴሌኮምን አልፎ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ሲገናኝ የተሸነፈው በድምር ውጤት 2 ለ 1 ብቻ ነው፤ በሜዳው ያደረገውንም 1 ለ 0 አሸንፏል። አል አህሊን በሁለት ጨዋታ በሁለት ግብ የገታ ቡድን መሃሉ የተደራጀ ነው። አሰልጣኙ በቀጣዩ ዓመት ከመቐለ 70 እንደርታ ጋር ዳግም ሻምፒዮን መሆናቸውም ነገሩ የአደረጃጀት እንደነበር ይጠቁማል። አባ ጅፋር ግን በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ወረደ።

በ2013 ዓ.ም. ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድና በሱፐር ስፖርት ሲተላለፍ ጅማ ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች። የቀጥታ ስርጭቱ ተጫዋቾቻችንን ለውጭ መልማዮች ያሳያል የሚል ተስፋ ነበር፤ ለአጥቂ እውነት ሊሆን ይችላል። ካሜራ ግን ኳሱን ነው የሚከተለው። የስድስት ቁጥሩ ሥራ ኳሱ በሌለበት ነው። አንድ የተከላካይ አማካይ ራሱን ለመሸጥ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ላሠራ ቢል ምን ያስገባል? አንገት ማዞርን? ቪዲዮው ውስጥ የሚገባው ተንሸራትቶ ያስጣለው ኳስና ከርቀት የመታው ይሆናል፤ ሁለቱም ዋና ሥራው አይደሉም።

ገንዘቡን ስናይ ጉዳዩ ይከፋል። በአገራችን ውል ባመዛኙ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ሥራው ታውቆ ዋጋ የሚወጣለት ዘግይቶ ለሆነ ተጫዋች አጭር ውል ጎጂ ነው፤ አሰልጣኙ አቋቋሙን ሳያርምለት ክለብ ይቀይራል፣ አዲሱ ክለብ ደግሞ የሚጠይቀው ‘ስንት አገባ’ ብሎ ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ክለቦች የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ጣሪያው በወረቀት ላይ ሁሉን ያስተካክል ነበር፤ ነገር ግን ከውል ውጭ ክፍያ ይፈጸማል የሚለው ወቀሳ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ ከጣሪያው በላይ ይከፈል የነበረው ስሙ በደጋፊ አፍ ላለ ተጫዋች መሆኑ ግልጽ ነው። ደመወዝ ሲዘገይም አስቀድሞ የሚከፈለው የቱ እንደሆነ መገመት አይከብድም። የፊፋ ደንብ ሁለት ወር ያልተከፈለው ተጫዋች የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ቢደነግግም፣ ሌላ ክለብ የማይጠብቀው ተጫዋች ይህን መብት ሲጠቀምበት አይታይም።

ከአገር የወጣም አለ። ከጋምቤላ ተነሥቶ በኢትዮጵያ ቡና የታወቀው ጋቶች ፓኖም እንደ ፈረንጆቹ በ2017 ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ሄዷል። ቆይታው ባይረዝምም በዚህ ቦታ የሚጫወት ኢትዮጵያዊ ወደ አንድ የአውሮፓ አገር ሊግ መግባት እንደሚችል አሳይቷል።

ያስፈልገናል ወይ?

እዚህ ላይ በአገር ውስጥ ባለሙያዎች መካከል እውነተኛ ልዩነት አለ። አንዱ ወገን የእኛ ልጆች ተፈጥሮ ለአጭር ቅብብል ነው፤ ኳስ ከያዝን የሚነጥቅ ሰው አያስፈልገንም ይላል። በካሳዬ አራጌ ሥር የነበረው የኢትዮጵያ ቡና አጨዋወት፣ በውበቱ አባተ ዘመንም ብሔራዊ ቡድኑ የሞከረው ኳስን መቆጣጠር ላይ የቆመ ነበር። ሌላው ወገን ውጤቱን ይጠቅሳል፦ በካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ገና በአራተኛው ደቂቃ መርተን በአስተናጋጇ 4 ለ 1 መሸነፋችንን። የዚህ ወገን መድኃኒት ግዙፍና ጉልበተኛ አማካይ ነው።

ሁለቱም ወገኖች የተከላካይ አማካይን የተቃራኒን ጨዋታ ከማፍረስ ሌላ ሥራ ከሌለው ‘አጥፊ’ ጋር አንድ ያደርጉታል፤ አንዱ ስለማይፈልገው፣ ሌላው ስለሚፈልገው። ቡስኬትስ ግን በዓለም ላይ ኳስን በመቆጣጠር የታወቀው ቡድን መሃል ላይ የቆመ ቀጭን ሰው ነው። ካንቴ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 አይሞላም። ኳስ መያዝ የሚወድ ቡድን ብዙ ሰው ወደፊት ስለሚልክ፣ ኳስ ሲነጠቅ የሚጋለጠው ከማንም የበለጠ እሱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወገን አጨዋወቱን ከልቡ ከወደደው ስድስት ቁጥርን ከሁለተኛው ይበልጥ ይፈልገዋል። አካላዊ አቅም አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ በአህጉር ደረጃ ያለው ግጭት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ከጅማ ሜዳዎች ጉልበተኛ ልጅ ጠፍቶ አይደለም። የጠፋው ያንን ልጅ በ13 ዓመቱ መሃል አቁሞ ‘ኳሱ ከመድረሱ በፊት ዙሪያህን እይ’ የሚለው አሰልጣኝ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዝናብ የማያቆመው፣ ጠባብም ቢሆን ለጥ ያለ ሜዳ ይበቃል።

ቀጥሎ ምን ሊሆን ይችላል?

የክለቦች ወጪ በመመሪያ እየተገደበ ሲሄድ፣ ገንዘባቸውን በመጀመሪያ የሚያውሉት ለግብ ጠባቂና ለአጥቂ እንደሚሆን መገመት ይቻላል። የውጭ ዜጎችም በብዛት የሚመጡት ለእነዚሁ ቦታዎችና ለመሃል ተከላካይነት ነው። መሃሉ ለአገር ልጆች ክፍት ሆኖ ይቆያል። ይህ ለታዳጊዎች ዕድል ሊሆን ይችላል፤ ክለቡ ግን ቦታውን ርካሽ ስለሆነ ብቻ ከተወው፣ የሚሞላው እንደ ሠፈሩ ሜዳ በተረፈው ሰው ነው።

ከተማዋ ልጅ ማሳደግ ያዋጣኛል ወይ ብላ ብትጠይቅ የፊፋ ደንብ አንድ መልስ አለው። ‘ሶሊዳሪቲ’ የሚባል የአጋርነት ክፍያ አለ፤ ተጫዋች በክፍያ ከአገር ወደ አገር ሲዛወር ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ ነው። አንድ ልጅ ከ16 እስከ 19 ዓመቱ በጅማ ክለብ ተመዝግቦ ቢቆይና በኋላ በ1 ሚሊዮን ዶላር ቢዛወር፣ ክለቡ 2 በመቶ ወይም 20 ሺህ ዶላር ይደርሰዋል። ክፍያው በዚያ አያበቃም፤ ተጫዋቹ በክፍያ ከአገር አገር በተዛወረ ቁጥር ይደገማል። ዋንያማ ከቤልጂየም ወደ ስኮትላንድ፣ ከስኮትላንድ ወደ እንግሊዝ እንዳደረገው ማለት ነው።

ገንዘቡ የሚከፈለው ግን በማስታወስ አይደለም። ልጁ በየትኛው ዓመት በየትኛው ክለብ እንደነበረ የሚያሳይ፣ በፌዴሬሽን የተመዘገበ የተጫዋች ማኅደር መኖር አለበት። ሥራው ስምና የልደት ቀን ጽፎ በየዓመቱ ማደስ ነው። በታዳጊ ቡድኖች ምዝገባ ላይ በአገራችን ብዙ የተባለው ግን ስለ ዕድሜ ማጭበርበር ነው፤ ስለዚህኛው ጥቅም ሲነሳ የሚሰማው ከስንት አንዴ ነው።